የጓይ ትሎች ሰባት ቤት

ሰኔ አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት፣ ጓይ ትሎች ወደ አያ አጣናው ደጅ ሦስት ሽማግሌ ላኩ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውም ጓይ ትሎች ነበሩ። ከቤቱ ጀርባ ካለው የበርበሬ መደብ ተነሥተው፣ በረቱን ዞረው፣ በአጥሩ በር ገቡ። በአጥሩ ሥር ሾልኮ መግባት ይቀላቸው ነበር፤ ግን ለሽምግልና የመጣ በአጥር ሥር አይገባም። ከበሩ እስከ ደጃፉ ሃያ እርምጃ ነው። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። አያ አጣናው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የመጥረቢያ እጀታ ይልግ ነበር። መምጣታቸውን ከሩቅ አይቶ ሥራውን ቀጠለ፤ አጠገቡ ሲደርሱ እጀታውን አስቀምጦ ተነሣ።

«እንዴት አደሩ፣ አያ አጣናው?» አለ መካከለኛው። አረንጓዴ ነበር፣ ጎንና ጎኑ ላይ ነጭ ሰረዝ ያለው። ግራና ቀኙ ያሉት ሁለቱ ቡናማ ነበሩ።

«እግዜር ይመስገን። ግቡ።»

«አንገባም። ቆመን ነው የምንናገረው።»

ወጉ ይኸው ነው። ሽማግሌ የመጣበት ነገር ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ እህል ውሃም አይቀምስም። አያ አጣናው ወጉን ስለሚያውቅ አልተጫናቸውም። ቢሆንም እንግዳን ባዶ እጅ መቀበል ከበደውና ከአጥሩ ጥግ አምና ከተረፈች አንዲት የጥጥ ተክል ላይ ቅጠል ቀንጥሶ ፊታቸው አኖረ። ሦስቱም ቅጠሉን አዩት። ከዚያ አንድ አንድ ጣት ወደ ኋላ ሸሹ።

«ይቅር በሉኝ፤ ረሳሁት» አለና ቅጠሉን አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

የረሳው ነገር ይህ ነው። መንደራቸው፣ መንደር አሥራ አንድ፣ አምና ከዳር እስከ ዳር የዘራው አዲሱን የጥጥ ዘር ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት በተከታታይ ጥጡን ጓይ ትል በልቶታል። ጓይ ትል ፍሬውን በስቶ ይገባና ውስጡን ጨርሶ ይወጣል፤ ከውጭ ያየ ሰው ደህና ፍሬ ይመስለዋል። መድኃኒት ሲረጭበት ፍሬው ውስጥ ሆኖ ዝናብ እንደሚያሳልፍ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል። በሦስተኛው ዓመት የግብርና ባለሙያዋ ስመኝ በሞተር ሳይክሏ አዲሱን ዘር ይዛ መጣች። ሰውን በዋርካው ሥር ሰብስባ እንዲህ ስትል አስረዳች፦ አፈር ውስጥ በዓይን የማትታይ አንዲት ነፍስ አለች፤ ትልን የምትገድልበት ጠባይ አላት። የተማሩ ሰዎች ያንን ጠባይ ከእሷ ወስደው ከጥጡ ዘር ውስጥ አስገቡት። ቅጠሉ ራሱ መድኃኒት ሆነ። ሰውን አይነካም፣ ንብን አይነካም፤ ቅጠሉን የቀመሰ ጓይ ትል ግን ሦስት ቀን አይሞላም።

ስመኝ ሌላም ነገር ተናግራ ነበር። «ከየማሳችሁ ዳር አምስት አምስት መስመር በአሮጌው ዘር ተዉ። መድኃኒትም አትርጩበት። ለትሉ መጠጊያ ነው» ብላለች።

ሰው ሳቀ። የአያ አጣናው ማሳ ጎረቤት ዘውዱ ብድግ ብሎ፣ «እሜቴ፣ ለትሉ ቤትም እንሥራለት? ቆርቆሮው ከመንግሥት ነው ወይስ ከኛ?» አላት። ደግሞም ማሳ ዳር ላይ ሌላ ዓይነት ዘር የዘራ ሰው ወሰን ሊገፋ ነው ተብሎ ይታማል። ስለዚህ ማንም አልተወም። አያ አጣናውም አልተወም።

አምና ትሎቹ በሦስት በሦስት ቀን አለቁ። ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። አያ አጣናውና ሚስቱ ዝማም ጓዛቸውን ጠቅልለው ነበር፤ ፈቱት። ዳባት ያለችው ልጃቸው የሻረግ፣ ሌላ መጥፎ ዓመት ከመጣ እሷ ጋ ገብተው እንዲቀመጡ ቃል አስገብታቸዋለች። የሻረግ ደግ ናት፤ ባሏም ክፉ አይደለም። ግን የአማች ቤት የአማች ቤት ነው። በአማች ቤት ሰው ሲያስለው እንኳ ወደ ውጭ ወጥቶ ነው። አያ አጣናው ይህን ለማንም አልተናገረም። ዝማም ግን ታውቃለች።

«እንዴት ናችሁ?» አለ ሽማግሌዎቹን።

«አልቀናል» አለ አረንጓዴው።

«አዝናለሁ።»

«ስለ ሞተው አይደለም የመጣነው። ሞት ለትል ብርቅ አይደለም። የመጣነው ስላልሞቱት ነው። ከዘውዱ ማሳ አርባ ልጆች አዲሱን ጥጥ በልተው አልሞቱም።»

«ሦስት ቀን አልሞላቸው ይሆን?»

«ሦስት ቀን ሞላቸው። ጠግበውም አደጉ። አሁን አፈር ውስጥ ገብተው ተኝተዋል። ክረምቱ ሲወጣ ክንፍ አውጥተው ይነሣሉ። ሲነሡ ሚስት ይፈልጋሉ።»

«ይፈልጉ።»

«ማንን ያግቡ? በማሳው ከእነሱ በቀር የተረፈ የለም። ወንዱም ሴቷም የአንድ እናት ልጆችና የእህትማማች ልጆች ናቸው። ሰባት ቤት ቀርቶ ሁለት ቤት አይቆጠርላቸውም።»

ይህን ሲል ሁለቱ ቡናማዎች አንገታቸውን ደፉ።

«ነውር ነው» አለ አያ አጣናው።

«ነውር ነው» አሉ ሦስቱም። አረንጓዴው ቀጠለ። «እርስ በርስ ተጋብተው የሚወልዱትም ሁሉ እንደነሱ ነው። ሁሉም ይበላል፣ አንዱም አይሞትም። ያኔ በመንደራችሁ ጥጥ የሚባል ነገር አይኖርም። ግን የጥጡ ነገር የናንተ ነው። የኛ ነገር ነውሩ ነው። በቤታችን ሞት ነበር፤ እንዲህ ያለ ነውር ግን አልነበረም።»

«ምን ላድርግ?»

«ሙሽሮች የሚያድጉበት አምስት መስመር፣ በአሮጌው ዘር። ሙሽሮቹ ከእርስዎ በርበሬ፣ ከማዶ ካለው ሽምብራና ከዱሩ ቅጠል የሚመጡ ናቸው። አዲሱን ጥጥ ቀምሰው አያውቁም፤ ቢቀምሱ ይሞታሉ። ጨዋ ልጆች ናቸው።»

«የሚወልዷቸውስ?»

«እንደ እናታቸው ይወጣሉ። አዲሱን ጥጥ የበላ ይሞታል፤ ከአምስቱ መስመር የበላ ይኖራል። ሁለተኛው ልመናችን ደግሞ፣ ቤቱን እርስዎ እንዲቆጥሩልን ነው።»

ወደ እሱ የመጡት በዚህ ምክንያት ነበር። መንደር አሥራ አንድ የሰፈራ መንደር ነው። ሰው ከየአውራጃው ተጭኖ ሲመጣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ልጆች አድገው መፈላለግ ሲጀምሩ ወላጅ ተጨነቀ፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ያለው ሰው አይጋባምና። አያ አጣናው ፊደል አልቆጠረም። ነገር ግን ሰው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ሲጠራ እየሰማ በጣቱ አንጓ ላይ ያስቀምጥ ነበር። አንዴ ያስቀመጠው አይወድቅም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያለ እሱ ቃል የታሰረ ጋብቻ በመንደሩ የለም። ቃሉም ሁለት ነው፤ በዘር ካልተነካኩ «አይገናኙም» ይላል፣ ይጋባሉ፤ ከተነካኩ «ይገናኛሉ» ይላል፣ ጋብቻው ይቀራል። ሌላ አይጨምርም።

አያ አጣናው ማሳውን አየ። ጉልበቱ የሚችለው ሠላሳ መስመር ነው። ሠላሳው ሙሉውን ከሰጠ ዓመቱን ያደርሳል። ሃያ አምስቱ ማድረሱን እንጃ።

በዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ለካው። ሽማግሌዎቹም ቆሙ።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ።

ሦስቱም ተቀመጡ። ትል ሲቆምና ሲቀመጥ ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ አያ አጣናው ግን አየው።

ዝማም ከጓዳ ወጣች። «ማን ነው የመጣው?»

«ሽማግሌ።»

«የማን?»

«የጓይ ትል።»

«ታዲያ ምን አቀረብክላቸው?»

«የጥጥ ቅጠል።»

«አንተ ሰው!» አለችና ሄዳ የበርበሬ ቅጠል አምጥታ በሰሌን ላይ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌዎቹ በሉ፤ መረቁ፤ በመጡበት ተመለሱ። አጥሩ በር ሲደርሱ ቀትር ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ዝማም ነገሩን የጠየቀችው። እሱም በአጭሩ ነገራት።

«አምስት መስመር ሰጥተን የተረፈው ባያደርሰን፣ ዳባት ነው» አለች።

«ካልሰጠንም ዳባት ነው።»

«እንዴት?»

«አርባዎቹ ከተዋለዱ ሠላሳውም የለም።»

ዝማም እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበች። «እሺ፣ አሮጌው ዘርስ ከየት ይመጣል? መንደሩ ያለውን ሁሉ ለከብት አብልቶታል።»

አያ አጣናው በአገጩ ወደ አልጋው አመለከተ።

«ትራሱን?»

«እህ።»

ትራሱ የተሞላው በሰፈራው በሁለተኛው ዓመት በተለቀመ ጥጥ ነው። ያን ጊዜ ዝማም አራስ ስለነበረች ጥጡን ሳትዳምጥ፣ ከነዘሩ ነው ጨርቁ ውስጥ የጠቀጠቀችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «ዘንድሮ እዳምጠዋለሁ» እያለች ሳትዳምጠው ቀርታለች። አሁን ትራሱን ቀድዳ፣ መዳመጫውን አውጥታ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዘሩን ከጥጡ ለየች።

«ሰው ሠላሳ ዓመት የተኛበት ዘር አይበቅልም» አለች ስትጨርስ።

በተዘራ በአምስተኛው ቀን በቀለ። አምስቱ መስመር ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። አያ አጣናው የሚተኛው በግራ ጎኑ ነው።

ሐምሌ ላይ ለአረም ሲወጡ ዘውዱ ወሰኑ ላይ መጥቶ ቆመ። ዘውዱ አርባ ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ማሳው ትልቅ።

«አያ አጣናው፣ ለትል ነው አሉ የሚያርሱት!»

«እህ።»

«ውሃስ? በገንዳ ያቀርቡላቸዋል?»

«ዝናብ አለ።»

«እኔ እየሳቅሁብዎ አይደለም» አለ ዘውዱ፤ መሳቁን ግን አላቆመም። «ሰው ልጁን ይድራል፣ እርስዎ ትል ይድራሉ። ብቻ አንዷ ትል ይህን ወሰን ስትሻገር ባይ፣ መርጫዬን አዝዬ እመጣለሁ። አምስቱንም መስመር ነው የማጥበው። ከዚያ ወዲያ አያ አላውቅ፣ ጎረቤት አላውቅ።»

አያ አጣናው አረሙን ቀጠለ። ዘውዱ ከተናገረ ያደርጋል። አምስቱ መስመር ከታጠበ ሙሽሮቹ ያልቃሉ፤ ሙሽሮቹ ካለቁ አርባዎቹ እርስ በርስ ይጋባሉ። አንድ ሰው በአንድ መርጫ መንደሩን ያጠፋል፣ መልካም የሠራም ይመስለዋል። ይህን ማስረዳት ብዙ ቃል ይፈልጋል። አያ አጣናው ያን ያህል ቃል አልነበረውም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሙሽሮቹ ገቡ። ከበርበሬው፣ ከሽምብራው፣ ከዱሩ እየመጡ በአምስቱ መስመር ተደለደሉ፤ በአንድ ተክል ሁለት። በሥርዓት ነበር የሚበሉት። ከስድስተኛው መስመር ጀምሮ ያለውን አዲሱን ጥጥ አንዷም ቀና ብላ አላየችውም። ዝማም ጠዋት ጠዋት እየሄደች ታያቸዋለች። «ይቺኛዋ ከሳች» ወይም «ይቺኛዋ ቀልታለች» እያለች ትመለሳለች።

ባለሙያዋ ስመኝም በዚያው ሰሞን መጣች። ከሞተሯ ሳትወርድ ማሳውን አየች፤ ከዚያ ወረደች።

«አባባ፣ በመንደሩ መጠጊያ የተዉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ምን አሳሰበዎ?»

«ሽማግሌ መጣብኝ።»

ስመኝ ደብተሯን አወጣችና «በሽማግሌ አማካይነት» ብላ ጻፈች። ከዚያ እጁን ሳመችና ሄደች።

መስከረም ሃያ ሁለት ቀን፣ ከብት ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ አርባዎቹ ከዘውዱ ማሳ አፈር ውስጥ ተነሡ። ሁሉም ክንፋቸው ገለባ የመሰለ የእሳት ራቶች ነበሩ፤ ግማሹ ወንድ፣ ግማሹ ሴት። በአምስቱ መስመር ያደጉት ሙሽሮችና ወንድሞቻቸውም ክንፍ አውጥተው በየተክላቸው ራስ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች በድንበሩ ድንጋይ ላይ ነበሩ። አያ አጣናው ከድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ዘረጋ። ግራው ለዘውዱ ማሳ ወገን፣ ቀኙ ለአምስቱ መስመር ወገን።

«አባቱ?» አለ ስለ መጀመሪያው።

«ከዘውዱ ማሳ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ።»

«አያቱ?»

«ከዚያው፣ ከጫፉ መስመር።»

«ቅድመ አያቱ?»

«ካቻምና፣ ከእርስዎ ማሳ። ፍሬ በስቶ።»

«አስታውሰዋለሁ። ምንጅላቱ?»

«ከማሽላ ራስ።»

እንዲህ እያለ ሰባት ድረስ ወረደ፤ በእያንዳንዱ አንድ አንጓ አጠፈ። ከዚያ የሙሽራይቱን በቀኙ ቆጠረ። ሁለቱን እጁን ገጥሞ አየ። አንድም አንጓ ከአንድ አልገጠመም።

«አይገናኙም» አለ።

ሁለቱ ተነሥተው አብረው በረሩ።

ሦስተኛውን ጥንድ ሲቆጥር ዘውዱ መጣ። መርጫውን አዝሏል፤ አፉን በሻሽ አስሯል። የእሳት ራቶች ወሰኑን ሲሻገሩ ከቤቱ ሆኖ አይቷቸው ነው። የመርጫውን ጫፍ ወደ አምስቱ መስመር አነጣጠረና ቆመ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ቆጠራ» አለ አያ አጣናው። ጣቱ እንዳይፈታበት እጁን አልነቀነቀም።

«የምን ቆጠራ?»

«የጋብቻ። ልጆቹ ከማሳህ ናቸው። በወገናቸው የቆመ ሰው የለም።»

ዘውዱ አርባዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ። በመንደር አሥራ አንድ፣ በሠርግ ወገን ሁን ተብሎ እምቢ ያለ ሰው እስኪሞት ይወራበታል፤ ከሞተም በኋላ ጥቂት ይቀጥላል። ዘውዱ ሻሹን ከአፉ ፈታ። መርጫውን ከጀርባው አውርዶ በሩቁ አስቀመጠ።

«ምነው ቀደም ብላችሁ አትነግሩኝም?» አለ በቁጣ። «በሥራ ልብስ ነው የመጣሁት እኮ!»

«ምንም አይል» አለ አረንጓዴው ሽማግሌ።

ዘውዱ ሻሹን በትከሻው አጣፍቶ በግራ በኩል ተቀመጠ። ጥንዶቹ ሲነሡ «እሰይ!» ይላል። ዐሥር ጥንድ ካለፈ በኋላ እያንዳንዱን መመረቅ ጀመረ። ሃያ ጥንድ ካለፈ በኋላ ከቤቱ ጠላ አስመጣ። ሠላሳ ዘጠኙም ተቆጠሩ፤ ሠላሳ ዘጠኙም አልተገናኙም።

አርባኛው ወንድ ነበር። ለእሱ የቀረችው አንዲት ሙሽራ ናት። አያ አጣናው ግራውን ቆጠረ፣ ቀኙን ቆጠረ፣ ገጠማቸው። ሰባተኛው አንጓ ላይ ሁለቱም ከአንድ የማሽላ ራስ ወረዱ።

«ይገናኛሉ» አለ።

ዘውዱ የያዘውን ጠላ መሬት አስቀመጠ።

«ሌላ ሙሽራ የለችም» አለ አረንጓዴው።

ዘውዱ ጎንበስ ብሎ በአያ አጣናው ጆሮ ተናገረ። «ሰባተኛ እኮ ነው። አንዲት አንጓ ናት። ማን ያያል?»

«እኔ።»

«ከዚህ ሄዶ ዘመዱን ቢፈልግስ? የደከምንበት ሁሉ አይፈርስም?»

አያ አጣናው ይህን አስቦት ነበር። ቢዋሽ ነውሩ በእሱ አፍ ይገባል። ባይዋሽ አንዱ ብቻውን ይቀራል፤ አንድ ብቻውን የቀረ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ሃያ አምስት መስመሩን አየ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው።

«ይገናኛሉ» አለ ደግሞ።

አርባኛው ይህን ሰማ። አንድ ጊዜ ክንፉን ከፍቶ ዘጋ። ከዚያ በርሮ በዘውዱ ትከሻ ላይ፣ በሻሹ እጥፋት ውስጥ ተቀመጠ።

ዘውዱ አንገቱን ቀስ ብሎ ወደ ትከሻው አዞረ። «እሺ» አለ ከዚያ። «እኔ ጋ ይሁን።»

ዘጠኝ ቀን እሱ ጋ ነበር። ዘውዱ በእነዚያ ቀኖች ሸክም በግራ ትከሻው ብቻ ተሸከመ፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ተናገረ። በዘጠነኛው ቀን የእሳት ራቱ ሞተ። አያ አጣናው ሄዶ ደጁ ላይ ተቀመጠና «እግዜር ያጽናህ» አለው።

«አይ፣ ዕድሜ ጠግቧል» አለ ዘውዱ።

የቀረው መጠበቅ ነበር። የተጋቡት እንቁላላቸውን በሁሉም ማሳ ጣሉ። ጥቅምት ሦስት ቀን አያ አጣናው በዘጠነኛው መስመር ላይ የመጀመሪያውን ልጅ አገኘ፤ የክር ቁራጭ የሚያህል ነው። አባቱ ከአርባዎቹ አንዱ፣ እናቱ ከበርበሬዋ ወገን። ልጁ ቅጠሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል በልቷል። አያ አጣናው ወደ ቤቱ ተመልሶ ለዝማም ነገራት። በማግስቱ አብረው ሄዱ። ልጁ መብላት አቁሞ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝማም እስከ ማሳው ዳር ሄዳ እዚያው ቆመች።

«አንተ እይልኝ» አለች።

አያ አጣናው መስመሩ ውስጥ ገባ። ቅጠሉን ገልብጦ አየ። ሌሎች አሥራ ሁለት ቅጠሎች ገለበጠ።

«ሞተ?»

«ሞተዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ዝማም በትልሙ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። «ወይ ጉድ፣ የሙሽሮቼ ልጆች» አለች። አያ አጣናው አጠገቧ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ ደረቱ ውስጥ የያዘውን አየር አወጣ። አየሩ እንደ ወጣ በዙሪያቸው ያለው ጥጥ ለጥ ብሎ፣ ተመልሶ ቀና አለ።

ኅዳር ላይ ተለቀመ። አምስቱ መስመር ለባለቤቶቹ ሆነ። ሃያ አምስቱ ግን ሠላሳው ይሰጥ ከነበረው በላይ ሰጠ፤ ጎተራው ሞልቶ የተረፈው አልጋው ላይ ተከመረ፣ እነሱም ለአንድ ሳምንት መሬት ተኙ። የዘውዱም ማሳ ደህና ሰጠ። ዘውዱ ሲጠየቅ «የኔ አያያዝ ነው» ይላል። አያ አጣናው አልተቃወመም።

እሑድ ቀን የሻረግ በስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ መኪናውን እንላክ?»

«ተዉት።»

«ጥጡስ?»

«ሞላ።»

«እናቴን ስጠኝ» አለች የሻረግ። ዝማም ስልኩን ይዛ ግማሽ ሰዓት አወራች። አያ አጣናው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በኃይል ሳለ።

ታኅሣሥ ውስጥ የጥጡ ግንድ ሁሉ ተነቅሎ ተቃጠለ፤ ስመኝ በየዓመቱ እንዲህ ይደረግ ብላለች። ማሳው ባዶ ሆነ። በማግስቱ፣ በቀትር፣ አያ አጣናው ድንጋይ ሊለቅም ወጣ። የማሳው ዳር ሲደርስ የአምስቱ መስመር ጥላ ገና መሬቱ ላይ እንዳለ አየ። ግንዱ የለም፣ ቅጠሉ የለም። ጥላው ግን ነበር፤ ቅጠል ቅጠሉ ተለይቶ የሚታይ፣ ነፋስ ሳይኖር ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ።

ፀሐዩ ይፋጅ ነበር። አያ አጣናው የለቀመውን ድንጋይ አስቀምጦ ጥላው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ቀዝቃዛ ነበር። እግሩን ዘረጋ፤ ከጉልበቱም ከወገቡም ሕመሙ ለቀቀው። ከዚህ ማሳ የሚያስነሣው ሰው አልነበረም።

ቆይቶ በጥላው ቅጠሎች ላይ ትናንሽ የብርሃን ቀዳዳዎች እንዳሉ አስተዋለ። እያያቸው ሳለ አንዷ ሰፋች። ከዚያ ከጎኗ ሌላ ተከፈተች። ጥላው ከዳር ወደ መሐል፣ በሥርዓት፣ መስመር በመስመር ይበላ ነበር። አምስተኛው መስመር አለቀ፤ አራተኛው አለቀ። አያ አጣናው ከተቀመጠበት አልተነሣም። ጥቂት ቆይቶ የራሱን ጥላ አየ። በጥላው ትከሻ ላይም፣ እንደ ቅጠሎቹ፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል የብርሃን ቀዳዳ ተከፍታ ነበር። አላራገፋትም።